የእናቲቱ ካርድ በአንድ ይሁን

(የሰፈራችን ማኅበር የጤና ኮሚቴ ለነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ያሰማው ንግግር)



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ ካርድ ነው። ካርድ ሲባል መቼም ሁላችንም ወረፋው ነው ትዝ የሚለን፤ እኛ የምንለው ግን በውስጡ ስለሚጻፈው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት በሌሊት ምጥ ይዟት፣ ራሷን ስታ፣ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ደረሰች። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ የተወለደው ሌላ ከተማ ነው። ሁለተኛውን በሌላ ጤና ጣቢያ ስትወልድ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። አዋላጇ ይህን ከየት ትወቀው? ካርድ ቢፈለግ አልተገኘም። እህቷ ደርሳ ባትናገር ኖሮ ደም አስቀድሞ ባልተዘጋጀላት ነበር።

ኋላ ስናጣራ ካርዱስ ነበረ። በአንዱ ቦታ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ»፣ በሦስተኛው በቤት ስሟ ተመዝግባለች። ዕድሜዋም በአንዱ 24፣ በዚያው ዓመት በተጻፈው በሌላው 30 ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆና ተገኘች ማለት ነው!

ይህን ችግር የፈቱ አገሮች አሉ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1964 ለየሰዉ መለያ ቁጥር ሰጠች፤ በ1967 ደግሞ የወሊድ መዝገብ አቋቋመች። መነሻው ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በብዙ አገር በሕፃናት ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። አንዲት እናት የትም ትውለድ የት፣ በቁጥሯ ወሊዶቿ ሁሉ ይገናኛሉ። ይህ መዝገብ ከሞት መዝገብ ጋር ተያይዞ ሲመረመር በ2001 ምን ታየ መሰላችሁ? ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት የእርግዝና የደም ግፊት ይዟቸው ያለ ቀኑ የወለዱ እናቶች፣ ግፊቱ ሳይዛቸው በቀኑ ከወለዱት ይልቅ በኋላ ዘመናቸው በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞታቸው ዕድል ስምንት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ወልደው ከተነሡ በኋላ «አለፈ» የተባለው ነገር አላለፈም ነበር።

በአገራችንም የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ተጀምሯል፤ ደግ ነው። ሰርቲፊኬቱ ግን የልጁ ነው፤ እናቲቱ ላይ የደረሰውን አይናገርም።

አንድ እናት በስብሰባ ላይ «ባሌ የማያውቀው ልጅ ቢኖረኝስ?» ብለው ሲጠይቁ የሳቁ ነበሩ። እኛ አልሳቅንም። መዝገብ ሲገናኝ ምስጢርም አብሮ ይገናኛል። ስለዚህ ታሪኩ የባለቤቲቱ ነው፤ ከምታክማት ሐኪም በቀር ባልም ሆነ አማት፣ የእኛም ኮሚቴ ሊያየው አይገባም።

አሁን የምንለምናችሁ ቀላል ነው። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል አስጽፉ። የሞተም ይሁን ያስወረዳችሁ ሳይቀር እያንዳንዱን እርግዝና ለአዋላጇ ንገሯት። ሾተላይ አለብሽ የተባላችሁማ ይህን ከቶ አትተዉ። የድሮ ካርድ ያላችሁ፣ የተቀደደም ቢሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ኑ። ፖስታ እንሰጣችኋለን፤ እናንተው ከታችሁ፣ እናንተው ታሽጋላችሁ፤ እኛ በላዩ ላይ ስማችሁን አስተካክለን እንጽፋለን።