በብሽሽት ላይ ወጥቶ አልድን ስለሚል ሽፍታ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙ ሰው ለሐኪም እንኳ ለመናገር የሚያፍርበት ነው። በብሽሽት ላይ የሚወጣ ሽፍታ እንደ ማናቸውም የቆዳ ሕመም ያለ ሕመም ሲሆን፣ ስለሚታፈርበት ብቻ በድብቅ ይታከማል፤ በድብቅ ስለሚታከምም ስሙ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ይገዛል። ወራት የሚያስቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

«እንደ ደባርቅና ዳባት ባለ ብርዳም አገር ላብ የሚያመጣው ሕመም ምን ይሠራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና ብርዱ ራሱ ልብስ ያስደርባል። ማለዳ ሱሪ በሱሪ ደርቦ ለሥራ የተነሣ የመንግሥት ሠራተኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ የቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። ላቡም በብሽሽቱ ታምቆ ይውላል። በክረምት ደግሞ ጉሙ ልብስ አላደርቅ ስለሚል፣ የታጠበው የውስጥ ሱሪ እርጥበቱ ሳይለቀው ይለበሳል። ጭርት የተባለውን ሕመም የሚያመጣው ፈንገስ የሚመቸው እንዲህ ያለው እርጥበት ነው።

ጭርት ጠርዙ ቀልቶ ከፍ ይላል፤ መካከሉ እየጠራ ወደ ጭን ይሰፋል። እከክ ግን ሌላ ነው። ሌሊት አብዝቶ ያሳክካል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያና በብልት ላይ ይወጣል፤ ከቤተ ሰብም ሌላ የሚያክክ አይጠፋም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 በዳባት ወረዳ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመቶ 9 ያህሉ እከክ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ አባት የራሱን ብሽሽት ከመመርመሩ አስቀድሞ የልጆቹን እጅ ቢያይ ይበጀዋል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤታሜታዞንን የመሰለ የስቴሮይድ ቅባት ገዝቶ መቀባት ነው። በጥቂት ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፤ መቅላቱም ይደበዝዛል፤ ሰውየውም ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል። ፈንገሱ ግን ከቆዳው አልወጣምና ሰፍቶ ይመለሳል። መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙ ራሱ ለመለየት ይቸገራል። የብሽሽት ቆዳ ስስ በመሆኑም ቅባቱ ሲደጋገም ይበልጥ ይሳሳል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ መለጠፍማ በሕመም ላይ ቃጠሎ መጨመር ነው!

ጭርት መሆኑ ከታወቀ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ የተባለውን ቅባት በቀን 2 ጊዜ፣ ከሽፍታው ጠርዝ ጥቂት አሳልፎ መቀባት ነው። ሽፍታው ሲጠፋ ወዲያው አይቆምም፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። የእግር ጣቶችም መካከል ይታይ። ብዙ ጊዜ የብሽሽቱ ጭርት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሱሪ ሲጠለቅ ከእግር ወደ ላይ ይወሰዳል። እግሩ የታመመ ሰው ካልሲውን ከውስጥ ሱሪው አስቀድሞ ያጥልቅ፤ ፎጣውንም ለብቻው ያድርግ።

እከክ ከሆነ ደግሞ ፐርሜትሪን ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀባል፤ የማያሳክከውም ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል።

በአራት ሳምንት ያልቀነሰ ሽፍታ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቆዳው ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ የስኳር ሕመምም እንዲህ ያለውን ሽፍታ ስለሚያባብስ ደም ይታያል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ እስካሁን የተቀባችሁትን ቅባት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።