የሰማዕታት መታሰቢያና አንደበት

ምእመናን ሆይ፤ በ2006 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ 100ኛ ሙት ዓመት በሚታሰብበት ሰሞን፣ ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሣሁን ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመቻ ተናገረው የተባለ ቃል በመጽሔት ወጣ። እርሱ አላልሁም ቢልም የብዙዎች ቍጣ አልበረደም፤ ለሙዚቃ ጉዞው የተገባለት ድጋፍም ቀረ።

እስኪ ወደ ሰማዕታት እንመልከት። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት ለወራሪ አልገዛም፣ አርበኞችንም ሽፍታ አልልም በማለታቸው ነው። ስለ ቃሉ የሞተውን አባት እያከበርን፣ ስለ ቃሉ ወንድማችንን እናሳድዳለንን? የተሳሳተ ቢኖር በእውነት ይመለስ፤ በነገሩ ልቡ የቆሰለም ቢኖር ይደመጥ።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ጌታችን በቀራንዮ ለሰቀሉት ጸለየ እንጂ አልረገማቸውም። እኛንም አንደበታችንን ከስድብ፣ እጃችንን ከድንጋይ ይጠብቅልን፤ አሜን።