የጦር ኃይል በባዕድ ምድርና የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር፦ ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው



እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1988 በቪየና ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት ፀረ አደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ስምምነት፣ ተዋዋይ መንግሥታት ግዴታቸውን የሚወጡት አንዱ የሌላውን ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት አክብሮ፣ በውስጥ ጉዳዩም ጣልቃ ሳይገባ እንደሆነ በአንቀጽ 2 ደንግጓል። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ የአሜሪካ ጦር ፓናማ ገባ። ዋሽንግተን ለዘመቻው ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውርን መዋጋት ሲሆን፣ የፓናማ ገዢ የነበሩት ጄኔራል ማኑኤል ኖሪዬጋም ቀደም ሲል በፌብሩዋሪ 1988 በፍሎሪዳ ተከስሰው ስለ ነበር ወረራው ተከሳሽን በሠራዊት የመያዝ መልክም ነበረው። ከጄኔራሉ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ የነበረው ኤል ቾሪዮ የተባለው የድሆች መንደር፣ ቤቶቹ አብዛኞቹ የእንጨት በመሆናቸው፣ በእሳት ጋየ፤ ከዚያ የተፈናቀሉት ሰዎች በየትኛውም ክስ ላይ ስማቸው አልነበረም።

ዘመቻውን የሚያወግዘው የውሳኔ ሐሳብ በፀጥታው ምክር ቤት 10 ድጋፍ ቢያገኝም፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ በድምፅ የመሻር መብታቸው ጣሉት፤ በወቅቱ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያ ድምፅዋን የሰጠችው ለውሳኔው ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ግን ዲሴምበር 29 ቀን በ75 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ40 ድምፀ ተአቅቦ ወረራውን ዓለም አቀፍ ሕግን የጣሰ ድርጊት ብሎታል።

የሕጉ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 ሲሆን፣ እርሱም አንድ መንግሥት በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀም፣ በኃይልም እንዳያስፈራራ ይከለክላል። ከዚህ ክልከላ መውጫው የፀጥታው ምክር ቤት ፈቃድና በአንቀጽ 51 የታወቀው ራስን የመከላከል መብት ሲሆኑ፣ የግዛቱ ባለቤት የሆነው መንግሥት ራሱ ከተስማማ ደግሞ ክልከላው አይጣስም። ራስን መከላከል የሚፈቀደው «የትጥቅ ጥቃት» ሲደርስ ነው፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ ይህን ስያሜ ለከባዶቹ የኃይል አጠቃቀም ዓይነቶች ብቻ ወስኖታል።

ዕፁ ሺዎችን ስለሚገድል ዝውውሩ ራሱ ጥቃት ነው የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ሐዘን እውነት ነውና። ሆኖም ሞት ብቻውን ጥቃትን የሚያቋቁም ቢሆን ኖሮ፣ የተበረዘ መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ ያለበት አገር ሁሉ የቦምብ ዒላማ በሆነ ነበር። ዝውውር ገዢና ሻጭ ያለው ወንጀል ነው፤ ወንጀልን የሚከታተሉትም ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ናቸው።

በባሕር ላይም ሕጉ ግልጽ ነው። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 110 የጦር መርከቦች የሌላ አገር መርከብ ላይ ወጥተው የሚፈትሹባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የባሕር ላይ ውንብድናን፣ የባሪያ ንግድንና ዜግነት የሌለውን መርከብ ይጠቅሳል፤ አደንዛዥ ዕፅን ግን አይጠቅስም። የቪየናው ስምምነት አንቀጽ 17ም ፍተሻውን ለመርከቡ ባለ ሰንደቅ መንግሥት ፈቃድ ይተወዋል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ለዓመታት የሠሩበት ስልት ሕጉ በተግባር እንደሚሠራ ያሳያል፤ ከሄሊኮፕተር አነጣጣሪው አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ተኩስ ይተኩሳል፣ ጀልባው ካልቆመ ሞተሩን ይመታል፣ ሰዎቹ ተይዘው ለፍርድ ይቀርባሉ፣ ጭነቱም ማስረጃ ይሆናል። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በካሪቢያን የተፈጸሙት የጀልባ ድብደባዎች ግን ሰዎቹን ገደሏቸው፤ ማን እንደነበሩና ምን እንደጫኑ በችሎት የሚጣራበትም ዕድል አብሮ ጠፋ። ዋሽንግተን ሁኔታውን የትጥቅ ግጭት ብላ መሰየሟ የድርጊቱን ባሕርይ አይለውጠውም፤ ሕይወት የሚያጠፋ ኃይል በወንጀል ተጠርጣሪ ላይ የሚፈቀደው ቅርብ ከሆነ የሞት አደጋ ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነውና።

ይህ ዐውደ ጥናት ሊያተኩርበት የሚገባው ከባዱ ጥያቄ መንግሥቱ ራሱ የዝውውሩ ተባባሪ ሲሆን ምን ይደረግ የሚለው ነው። ኖሪዬጋ በጃንዋሪ 1990 እጃቸውን ሰጥተው በ1992 የ40 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የሆንዱራስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሁዋን ኦርላንዶ ኤርናንዴዝ ደግሞ ሥልጣን በለቀቁ በወራት ውስጥ፣ በኤፕሪል 2022፣ በአገራቸው ፍርድ ቤት ውሳኔ ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ፤ በኒው ዮርክም በ2024 የ45 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ2025 ይቅርታ ቢደረግላቸውም፣ ለፍርድ የቀረቡበት መንገድ አንድም ሰፈር አላቃጠለም። የመጀመሪያው የውይይት ክፍለ ጊዜ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን በማስቀመጥ እንዲጀምር እየተጋበዘ፣ ዐውደ ጥናቱ በይፋ ተከፍቷል።