የዘር ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?



ትዳር ከተመሠረተ በኋላ ልጅ ሲዘገይ፥ በአገራችን አስቀድማ የምትጠየቀው ሴቲቱ ናት። ጠበል የምትመላለሰው እርስዋ፥ ሐኪም ቤት የምትሰለፈው እርስዋ፥ የዘመድ ሐሜት የምትሸከመውም እርስዋ ናት። ባልዬው ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል። ይሁን እንጂ ልጅ ካጡ ባልና ሚስት ግማሽ በሚያህሉት ዘንድ፥ ምክንያቱ ለብቻው ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተዳብሎ፥ በወንዱ በኩል ይገኛል።

ዛሬ የምናወሳው፥ ወንዱ ተመርምሮ ስለሚቀበለው ወረቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፥ ዝቅተኛው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፥ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው። ከነዚህም ከመቶ 42ቱ የሚንቀሳቀሱ፥ ከመቶ 4ቱ ቅርጻቸው የተስተካከለ ሊሆኑ ይገባል። ልኩ የወጣው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከነዚሁ አባቶች መካከል እንኳ በየመለኪያው ከመቶ 5 የሚሆኑት ከልኩ በታች ነበሩ። ስለዚህ ጥቂት ያነሰው ሰው መካን አይባልም፤ የበለጠውም ሰው ለመውለዱ ዋስትና የለውም።

ደግሞም ውጤቱ ይለዋወጣል። የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃልና፥ ከሁለት ወር በፊት ያለፈ ብርቱ ትኩሳት ዛሬ በወረቀቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያሻል። ፈሳሹም በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከላፍቶ ወይም ከመካኒሳ ተነሥቶ፥ በጧት ብርድና በመኪና ግርግር ናሙና ይዞ ወደ መሐል ከተማ የሚጓዝ ሰው፥ ሰዓቱ ቢያልፍበት እንቅስቃሴው ቀንሶ ይነበብበታል። እንግዲህ በላቦራቶሪው ተገኝቶ መስጠት ይሻላል።

ውጤቱ ካነሰ ምርመራው ይደገም። ምንም ሕዋስ አልተገኘም ቢባል እንኳ፥ መተላለፊያው ተዘግቶ ወይስ ሕዋሱ ሳይሠራ ቀርቶ እንደ ሆነ በሐኪም ምርመራና በሆርሞን ልኬት ይለያል፤ የተዘጋው በቀዶ ሕክምና የሚከፈትበት ጊዜም አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል መከፈቱም ይታወሳል።

በየመሥሪያ ቤታችን አንድ መዝገብ በአንዲት ደብዳቤ አይዘጋም። ትዳርን ያህል ነገር ታዲያ በአንዲት ወረቀት ለምን ይዘጋል? ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ፤ አብራችሁም ተመርመሩ።