የሥራ ፈላጊ ወረቀት አደራ ነው

(በራዲዮ ከተነገረው)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ከትልልቁ የመንግሥት ሥራ ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የብዙ ሰው እንጀራና ክብር የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ልንሰጠው ይገባል። ይኸውም ሥራ ፈላጊ ሰው ለሥራና ሠራተኛ አገናኝ የሚያስረክበው ወረቀት፣ ማለት የመታወቂያው ግልባጭ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ጉርድ ፎቶግራፉ፣ በተለምዶም ሲቪ የሚባለው የትምህርትና የሥራ ታሪኩ፣ ከእጁ ከወጣ በኋላ የት ይደርሳል የሚለው ነው።

ለዚህ ነገር ከአቃቂ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አቃቂ በሰቃ እየተባለች የኖረችው ይህች የከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ፣ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የሐዲድ መተላለፊያ፣ ቀጥሎም የጥጥና የብረታ ብረት ፋብሪካ ሰፈር ሆናለች። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከቃሊቲ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች አንሥቶ እስከ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ የሰው ጉልበት የሚፈልግ ቦታ ብዙ ነው። በቃሊቲ መናኸሪያ ከአውቶቡስ የሚወርደው ወጣት አገሩን አያውቅም፤ አገሩም እርሱን አያውቀውም። ስለዚህ ከአሠሪው ፊት የሚያቀርበው ሦስተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ደላላ ይባል፣ ኤጀንሲ ይባል፣ ሥራው አንድ ነው፤ ሠራተኛውን ከአሠሪው ያገናኛል፤ አንዳንዱም በራሱ ስም ቀጥሮ በኮንትራት ለድርጅት ያሰማራዋል።

ሥራ ፈላጊው ወደ አገናኙ ቤት ሲገባ ስለ ሙያው ከመጠየቁ በፊት ወረቀቱን አምጣ ይባላል። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቅርብ ተጠሪ ስምና የስልክ ቁጥር ያቀርባል። የጥበቃ ወይም የዕቃ ቤት ሥራ የሚፈልግ እንደ ሆነ ደግሞ ዋስ ጥራ ይባላል። ዋሱም በበኩሉ የመታወቂያውን ግልባጭና ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈለትን የደመወዝ መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስረክባል። እንግዲህ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሲቀጠር የሁለት ሰው ምስጢር በአንድ ፋይል ገባ ማለት ነው። እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች በመሆናችሁ ለእኅት ልጅ ወይም ለጎረቤት ልጅ ዋስ ሆናችሁ የፈረማችሁ ብዙዎች ናችሁ። ያ ደብዳቤ ዛሬ በማን ሣጥን ውስጥ እንዳለ የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ይባዛል። አገናኙ አንዱን ግልባጭ ለአንድ ፋብሪካ፣ ሌላውን ለሌላ ድርጅት ይልካል፤ ለሥራ ባልደረባው ለሌላ ደላላም ያካፍላል። ዛሬማ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ የዐይን ጥቅሻ ያኽል ጊዜ አይፈጅም። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት ለቃል ነበር፤ አሁን ግን ለወረቀትም ሆኗል። ሥራ ፈላጊው አንድ ቦታ ያመለከተ ሲመስለው ስሙ፣ መልኩና ስልኩ እርሱ ከማያውቃቸው ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

ወረቀቱ የሚጠፋበትም መንገድ ከሚባዛበት የባሰ ነው። የአገናኝ ቢሮ ብዙውን ጊዜ በኪራይ ክፍል የሚሠራ ስለ ሆነ ኪራይ ሲወደድ ይነሣል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝም ይዘጋል። ያን ጊዜ ወንበሩና ጠረጴዛው በጥንቃቄ ይጫናል፤ ፋይሉ ግን ከጥግ ይቀራል ወይም በኪሎ ይሸጣል። በከተማችን ቆሎ የገዛ ሰው መጠቅለያውን ፈትቶ ሲያነብ የተጻፈበት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ማግኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ መጠቅለያ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥር ቢገኝ ምን ይባላል?

ጉዳቱ በሦስት ወገን ይመጣል። አንደኛ፣ የመታወቂያ ግልባጭና ፎቶግራፍ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ በባለቤቱ ስም ውል ለመዋዋል ወይም ሰው ለማታለል መሣሪያ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ስልኳ የተበተነባት ወጣት ከማታውቀው ሰው ጥሪ እየመጣላት ትሸማቀቃለች፤ ለሥራ ብላ የሰጠችው ቁጥር የነገር መነሻ ይሆንባታል። ሦስተኛውና እጅግ የሚያሳዝነው፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ወይም ፓስፖርት እንደ መያዣ የሚያስቀር አገናኝ መኖሩ ነው። ማስረጃው የተያዘበት ሰው የተሻለ ሥራ ቢያገኝ እንኳ መሄድ አይችልም፤ በደል ቢደርስበትም ወረቀቱን ፈርቶ ዝም ይላል።

የሆነ ሆኖ በሁሉም ላይ መፍረድ አይገባም። ሥራቸውን በታማኝነት የሚሠሩ አገናኞች አሉ። እነርሱም «አሠሪው ንብረቱን የሚያስረክበው ለሚታወቅ ሰው ነው፤ ያለ ማስረጃ እንዴት ሰው ልላክ?» ይላሉ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ማየትና ማስቀረት የተለያዩ ናቸው። ዋናውን አይቶ፣ ከግልባጩ ጋራ አመሳክሮ፣ በዚያው ሰዓት ለባለቤቱ መመለስ ይቻላል። ለፋብሪካ ጽዳት የምትቀጠርን ሴት ሙያዋንና ልምዷን መጠየቅ ተገቢ ሲሆን፣ ሃይማኖቷን፣ ብሔሯንና የትዳሯን ነገር በመዝገብ ላይ ማስፈር ለሥራው ምንም አይጠቅምም።

ሕጉም የሚለው ይኸንኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት አስከብሯል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1989 ዓ.ም. በጄኔቫ ያጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1991 ዓ.ም. የተቀበለችው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ስምምነት፣ ቁጥሩ 181 የሆነው፣ አገናኞች ስለ ሠራተኛው የሚይዙት መረጃ በችሎታው፣ በሥራ ልምዱና ከሥራው ጋራ ቀጥታ ግንኙነት ባለው ነገር ብቻ እንዲወሰን ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የግል አገናኝ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ይደነግጋል። ገንዘብ እንዳይቀበል የተከለከለ ሰው ወረቀትን በመያዣነት ሊያስቀር እንደማይገባው ግልጽ ነው። በመጨረሻም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ፣ ባለቤቱም እንዲያየው፣ እንዲያስተካክለውና እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ እንዲችል መብት ሰጥቷል። የዚህም ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጅ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ብቻውን ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዳችን የሚፈለግ ነገር አለ። ዘመድ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ የመከራችሁት ይሰማልና፣ ዋናውን ማስረጃ ለማንም ጥሎ እንዳይወጣ ንገሩት። በሚሰጠውም ግልባጭ ላይ የሥራውን ዓይነት፣ የተቀባዩን ስምና ቀኑን በእስክርቢቶ አቋርጦ ይጻፍበት፤ እንዲህ ያለው ግልባጭ ለሌላ ተንኰል አይመችም። ባዶ ቅጽ ላይ አይፈርም። ላስረከበው ነገር ሁሉ ደረሰኝ ይቀበል። ዋስ የሆናችሁም ሠራተኛው ሥራውን በለቀቀ ጊዜ ዋስትናው መውረዱን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ደብዳቤያችሁንም አስመልሱ።

በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት ደግሞ በእጃችሁ ያለውን መዝገብ ተመልከቱ። ለአንድ ቦታ አመልክተው ያልተመረጡት ሰዎች ማመልከቻ ስንት ዘመን ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል? ጊዜው ያለፈበት በሥርዓት ይቀደድ፤ በጆንያ ታጭቆ ከበር አይጣል። ስለ አንድ ሠራተኛ በስልክ የሚጠይቅ ሁሉ ማንነቱ ሳይታወቅ መልስ አይሰጠው። አገናኙን ስለ ወረቀት አያያዙ የምንወቅሰው የራሳችንን ስናስተካክል ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። በአገራችን አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ድሮ በአደራ የሚቀመጠው ከብት፣ ብር ወይም እህል ነበር፤ በዘመናችን ስምና መልክ፣ ቁጥርና ፊርማም ተጨምረዋል። ድኻ ሥራ ፈላጊ ከጉልበቱ ሌላ ያለው ሀብት ይኸው ወረቀቱ ነውና፣ የተቀበለው ሁሉ እንደ ራሱ ገንዘብ ይጠብቅለት።