ሽሮውን ከገበታ ከማንሣታችን በፊት
(በሜልበርን፣ አስኮት ቬል ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው በአደባባይ ስለማይነሣ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሆድ መነፋትና ስለ ጋዝ። ነውር ነው ብለን ስለምንሸፍነው ሆዱ የተነፋ ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱም በዐቢይ ጾም ሽሮውንና ምስሩን ትቶ በዳቦና በሻይ ይውላል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጥራጥሬው ጠላታችን አይደለምና።

ጋዙ ከየት ይመጣል? ጥቂቱ ስንበላ የምንውጠው አየር ነው። አብዛኛው ግን ትልቁ አንጀት ውስጥ ይመረታል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሏቸው፤ የሰው አንጀት ደግሞ እነዚህን የሚሰብር ኢንዛይም የለውም። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይቀበሏቸዋል። የሚሆነውም የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ የምናየው ነው፤ ስኳሩ ይበላል፣ ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱ ሰው ሚቴንም ይመረታል። እነዚህ ሽታ የላቸውም፤ የሚሸተው ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው ድኝ ያለበት ክፍል ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ጋዝ ቢያወጣ በሽታ አይባልም።

ባክቴሪያዎቹ ከጋዙ ጋር ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሰጡናል፤ የትልቁ አንጀት ሽፋን ሴሎች ዋና ምግባቸው እርሱ ነው። ጥራጥሬ ስንተው ጋዙ ሲቀንስ ይህም አብሮ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የሄዱ የህሞንግና የካረን ስደተኞችን ተከታትሎ፣ በወራት ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸው ዓይነት መመናመን እንደጀመረ፣ በልጆቻቸው ላይም እንደባሰ አሳይቷል። እኛም ስደተኞች ነንና ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

የምንኖርባት ሜልበርን በዚህ ሳይንስ ስሟ ይነሣል። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒተር ጊብሰንና ሱ ሼፐርድ በ2005 ፎድማፕ የሚለውን ስያሜ አወጡ፤ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸውንና የሚቦኩትን ስኳሮች በአንድነት የሚጠራ ነው። በ2018 ደግሞ ተመራማሪው ኩሮሽ ካላንታር-ዛዴና ባልደረቦቻቸው፣ ከእኛ ሰፈር በባቡር ጥቂት ጣቢያ በሚርቀው አርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ተውጦ የአንጀትን ጋዝ እየለካ መረጃውን ወደ ውጭ የሚልክ እንክብል ሰዎች ላይ እንደሞከሩ አሳተሙ።

ፎድማፕን የሚቀንሰው አመጋገብ ለዘወትር የታሰበ አይደለም። አንጀታቸው በቀላሉ ለሚቆጣ ሰዎች፣ በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዙ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ምግቦችን ቀንሰው ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚጎዳቸውን የሚለዩበት ነው።

በእኛ ወጥ ውስጥ ዋናው ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ ሽንኩርቱ ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባለው ፎድማፕ በብዛት አላቸው፤ ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ከወጡ ውስጥ ሽንኩርቱን እየለቀሙ ማውጣት አይረዳም፤ መረቁ ይዞታል። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ብቻ ጠብሶ፣ ውኃ ሳይገባ አውጥቶ፣ በዘይቱ ማብሰል ግን ይረዳል። አረንጓዴው የሽንኩርት ቅጠልም ይሻላል።

በቀረው የእናቶቻችን ማጀት ቀድሞናል። ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውኃው ሲደፋ ከስኳሩ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ሲበቅል ደግሞ ቡቃያው ራሱ ይበላዋል፤ በቆልት ለሆድ የሚቀለው ለዚህ ነው። ስልጆም ሲቦካ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ድስቱ ውስጥ ይጀምራሉ። ወተት ለሚነፋው ሰውም እርጎ ይሻለዋል። ጥራጥሬ ለረጅም ጊዜ የተወ ሰው በትንሹ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቢጨምር አንጀቱ እየለመደ ይሄዳል።

ያለ ምክንያት ክብደት ቢቀንስ፣ ደም ከሰገራ ጋር ቢታይ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ቢቀሰቅስ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ በ131 450 ደውላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ስለ ሆዳችሁ በልጃችሁ አፍ መናገር ካሳፈራችሁ ልጁን ይዛችሁ መሄድ የለባችሁም።