ደቦ ከሆነ ደቦ፣ ሥራ ከሆነ ክፍያ

(በአዳማ የወጣቶች መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራፐሮቻችን ነው። አንዳንዶቻችሁ «ሀገር በዚህ ሁሉ ጉዳይ ተወጥራ አንተ ስለ ራፕ ታወራለህ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሱኝ። ጉዳዩ የሙዚቃ ብቻ አይደለም። የሠራ ሰው የሥራውን ዋጋ ያግኝ ወይስ በምስጋና ይሸኝ የሚል ጥያቄ ነው። ይሄ የሀገር ጉዳይ ካልሆነ ታዲያ የቱ ነው የሀገር ጉዳይ?

መስመሩን ታውቁታላችሁ። ወንጂ፣ መተሐራ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ከዚያ ወደታች መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። በየከተማው በስልኩ ቢት ከፍቶ ግጥም የሚሞክር ልጅ አለ። አንዱ በኦሮምኛ ነው፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሦስተኛው ሁለቱን እያቀላቀለ፣ ልክ እኛ ፖስታ ቤት አካባቢ ቆመን እንደምናወራው። ለሾው ሲጠሩት የሚሰማው መልስ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው፦ «በጀት የለንም፤ ግን ዕውቅና ታገኛለህ።»

ሒሳቡን አብረን እናስላው። ለምሳሌ ያህል ነው፣ ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ ቀይሩት። አዳራሹ 300 ሰው ያዘ እንበል፤ መግቢያው 100 ብር ነው። 30,000 ብር ገባ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ባለ አዳራሹ ይከፈለዋል። ሳውንድ ሲስተም ያከራየው ይከፈለዋል። ባነር ያተመው፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ስፒከሩን ያመላለሰው ባለ ባጃጅ፣ ሁሉም ይከፈላቸዋል። ባለ ባጃጁን «ዛሬ በነፃ ጫንልን፣ ባጃጅህ ይታይልሃል» ያለው ሰው የለም። ብንለውም ይስቅብናል። ባነሩ ላይ ፎቶው የተለጠፈው ልጅ ግን «ዕውቅና» ተብሎ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ የሚጠራው ዘፋኝስ? እሱ ቀብዱን ሳይቀበል መኪና ውስጥ አይገባም። ትክክልም ነው፣ ሥራው ነው። በፈጣን መንገዱ ሲመጣ መንገዱ ራሱ ያስከፍለዋል። ለመንገዱ እንከፍላለን፣ ለእንግዳው እንከፍላለን፣ ከእሱ በፊት መድረኩን ያሞቀውን የሰፈራችንን ልጅ ግን «በርታ» ብለን እንሸኘዋለን። «ነቢይ በሀገሩ አይከበርም» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይሄ ነገር ለእኛ ለተመራቂዎችም አዲስ አይደለም። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። «ደመወዝ የለውም፣ ግን ልምድ ታገኛለህ» ይባላል። ለራፐሩ ዕውቅና፣ ለተመራቂው ልምድ። ቃሉ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ልምዱን ይዘህ ስትመለስም ለደመወዙ ቦታ ሌላ ሰው ተገኝቷል፤ ለነፃው ቦታ ግን አሁንም ትፈለጋለህ።

ሚዛናዊ እንሁን። ዕውቅና ዋጋ የለውም አልልም። ማንም የማያውቀው ልጅ መድረክ ያስፈልገዋል። ማይክ ጨብጦ በሰው ፊት መቆም ከመስታወት ፊት ከመለማመድ ይለያል። አዘጋጁም ሁሌ ጅብ አይደለም። ከኪሱ አውጥቶ፣ ሰው ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ዕዳ ውስጥ የገባ አዘጋጅ አለ። ስለዚህ «በነፃ አትሥሩ» ብሎ መፈክር ማሰማት ቀላል ነው፤ ከባዱ በነፃ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን መለየት ነው።

ይህን ጥያቄ አያቶቻችን ቀድመው መልሰውታል። ደቦ አላቸው። በደቦ ማንም ለማንም ገንዘብ አይከፍልም፤ ሕግ ግን አለው። ባለ ማሳው ያበላል፣ ያጠጣል። ተራም አለ፤ ዛሬ የእኔ አዝመራ ከታጨደ ነገ ያንተ ይታጨዳል። ሁልጊዜ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ብቻ የሚወጣ ደቦ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። እንደዚያ ከሆነ ስሙ ደቦ መሆኑ ይቀርና ጭሰኝነት ይሆናል። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት አራሹ ሌላ፣ በይው ሌላ ስለነበር ነው። እኛ የዚያን ጥያቄ ታሪክ እየጠቀስን ያደግን ወጣቶች ነን። በመሬት ላይ የገባን ነገር በማይክ ላይ እንዴት ይጠፋናል?

እንግዲህ አንተ ራፐር ሆይ፣ አንቺም እህቴ፣ «በነፃ ና» ስትባሉ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ እዚህ ዝግጅት ላይ የሚከፈለው ሌላ ሰው አለ? ማንም የማይከፈልበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለታመመ ጓደኛ መዋጮ፣ ለደም ልገሳ፣ ለትምህርት ቤት ከሆነ፣ ያ እውነተኛ ደቦ ነው፤ በደስታ ሂዱ። ሌላው ሁሉ ተከፍሎት እናንተ ብቻ ከቀራችሁ ግን «በጀት የለም» የሚለው እውነት አይደለም። በጀቱ አለ፤ እናንተ ውስጡ አልተጻፋችሁም።

ሁለተኛ፦ ዕውቅናው በማን ስም ነው የሚቀመጠው? ይሄ በደንብ ይታሰብበት። ቪዲዮው የሚጫነው በማን ቻናል ነው? በአዘጋጁ ቻናል ከሆነ ተመልካቹም ሰብስክራይበሩም የእሱ ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ሲጠይቅ ኖሯል። ያንተ ዘፈን የሰውን ሰዓት እየሞላ ያንተ ቻናል ባዶ ከሆነ፣ ዕውቅና ሰጠህ እንጂ መቼ አገኘህ? የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? እዚህ ግን ወርቁ ያንተ ነው፤ የሚደምቅበት ሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛ፦ ተራዬ መቼ ነው? «ዛሬ በነፃ፣ በሚቀጥለው እንከፍላለን» ካሉ በጽሑፍ ይሁን። ቀኑ ይጻፍ፣ ብሩ ይጻፍ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከአፍ ቃል ይሻላል።

አንዳንድ ሰው «ሂፕ ሆፕ እኮ የጎዳና ነው፣ ለገንዘብ አልተፈጠረም» ይላል። ታሪኩን ግን እንየው። ሂፕ ሆፕ የተወለደበት ቀን ተብሎ የሚከበረው ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 11፣ 1973። ቦታው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ። ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ሄርክ ሙዚቃውን ይዞ ቆመ፤ ድግሱን ያሰናዳችው እህቱ ሲንዲ ካምቤል ነበረች። ለምን አሰናዳችው? ትምህርት ሊከፈት ነበርና ለልብስ መግዣ ብር ለማግኘት። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። የድሃ ሰፈር ድግስ ነው፣ ዋጋውም የድሃ ነው፤ ግን በር ላይ ይከፈል ነበር። ስለዚህ ሂፕ ሆፕ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትኬት ነበረው። ሻሸመኔ ላሉ ወንድሞቻችን ጃማይካ ሩቅ ስላልሆነች ይሄ ታሪክ የእነሱም ነው።

የራሳችንንም ተመልከቱ። አዝማሪ ሲያወድስህ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፍለታለህ፤ እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ። ግጥም በአፍ ለሚፈጥር ሰው መክፈል የኖረ ባህላችን ነው። ራፐሩስ ምን ያደርጋል? ያው ግጥም ይፈጥራል፤ ማሲንቆው ቢት ሆነ እንጂ። ለአዝማሪ ብር፣ ለራፐር ላይክ ያለው ማነው?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ዋናው ነጥቤም እዚህ ላይ ነው። እኛ የሀገር ፍቅር የምንሰብክ ወጣቶች ነን። ስብሰባ አለን፣ የጽዳት ዘመቻ አለን፣ የችግኝ ተከላ አለን፣ የመታሰቢያ ቀን አለን። ሕዝብ እንዲሰበሰብ ራፐር እንጠራለን። «ለሀገርህ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ «ዕውቅና ታገኛለህ» ከሚለው ይከብዳል። ዕውቅናን እምቢ ማለት ይቻላል፤ ሀገርን ማን እምቢ ይላል? እምቢ ያለ «ሆዳም» ይባላል፣ «ባንዳ» ይባላል። ልጁ ፈርቶ ይመጣል። በፍርሃት የመጣ ሰው ግን ስለ ሀገሩ አልዘፈነም፤ ስለ ስሙ ሰግቶ ነው የዘፈነው።

በታሪካችን ለሀገር የዘፈኑት ሁሉ በነፃ አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠን ስንቱን ትውልድ ያስለቀሰው የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ቅጥረኞች ነበሩ፤ ደመወዝ ነበራቸው። ደመወዙ የሀገር ፍቅራቸውን ቀነሰው? እነዚያ ዘፈኖች ዛሬም ፀጉራችንን ያቆሙታል። ለወታደር ስንቅ ይሰጣል፣ ለመምህር ደመወዝ ይከፈላል። ፍቅርና ክፍያ አይጣሉም። የሚጣሉት ፍቅርና ብዝበዛ ናቸው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል፣ ማሻሻያው የሮያሊቲ አሰባሰብን ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ ወይም ከተቀዳ፣ መብቱ ያኔውኑ ይወለዳል፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍራንኮ ጥግ ላይ ቆመህ የምትለቀውን ፍሪስታይል ቅዳው፣ ጻፈው፣ ቀኑን አኑርበት። መድረክ ላይ የምታቀርበውንም ያለ ፈቃድህ ቀርጾ ማሰራጨት አይቻልም፤ ከዋኝም መብት አለው። መድረክ ላይ መውጣትህ የተቀዳውን ሁሉ ሰጠሁ ማለት አይደለም።

ከታላላቆቻችንም የምንማረው አለ። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳን አድማሱ «ሙዚቃችን በነፃ ተወሰደ» ብለው ተቀምጠው አላለቀሱም፤ ተሰባስበው በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ይዘው መጡ፣ አድማጭ በስልኩ እየከፈለ እንዲሰማ። ኤልያስ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። የተወልን ትምህርት ግን አጭር ነው፦ ብቻህን ስትጠይቅ ልመና ይመስላል፣ ተሰብስበህ ስትጠይቅ ዋጋ ይሆናል።

የአዳማና የአካባቢዋ ራፐሮችም እዚህ ላይ ነው የሚሸነፉት። አንዱ «ቢያንስ ይህን ያህል» ሲል ሌላው «እኔ በነፃ እመጣለሁ» ይላል። አዘጋጁ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ «ከአንተ ሌላ ሞልቷል» የሚለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለጥቅስ ብቻ አይደለም። የኦሮምኛውም የአማርኛውም ራፐር ተቀምጦ አንድ መነሻ ዋጋ ይስማማ፤ ትንሽም ብትሆን ማንም ከእሷ በታች አይውረድ። በቋንቋ የማንከፋፈልበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ይሁን።

ለንቅናቄያችን ደግሞ ይህን አቀርባለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየከተማው ባለን መድረክ ላይ ደንብ ይሁን፦

አንድ፣ ለሳውንድ ሲስተም ከተከፈለ ለራፐርም ይከፈል። ብር ከሌለ ለማንም የለም፤ ያኔ ሁላችንም ደቦ ወጣን ማለት ነው።

ሁለት፣ በነፃም ቢሆን የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ምግብ ግዴታ ነው። ሴት አርቲስት ከሆነች ማታ እስከ በሯ የሚያደርሳት ሰው ይመደብ።

ሦስት፣ መግቢያ የሚከፈልበት ከሆነ የበሩ ገቢ ድርሻ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ።

አራት፣ ቪዲዮው መጀመሪያ በአርቲስቱ ቻናል ይጫን፤ እኛ ሼር እናድርግ። ዕውቅና መስጠት ማለት ይሄ ነው።

አምስት፣ «አይመቸኝም» ያለ ሰው ስሙ አይነሳ። የሀገር ፍቅር በግዴታ አይሰበሰብም።

«ብሩ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ኪሳችን ባዶ ነው። ግን አሥር ባነር ከምናሳትም ስድስት እናሳትም። ሦስት ዘፋኝ በነፃ ከምንጠራ አንዱን ከፍለን እንጥራ። ትንሽ ሰጥቶ ማክበር ይቻላል፤ ልጁም ትንሽ መሆኗን ያውቃል፣ መከበሩንም ያውቃል።

አንተ የምታነበው፣ አንቺ የምታነቢው፣ ራፐር ላትሆኑ ትችላላችሁ። ግን የሰፈራችሁን ልጅ ዘፈን በነፃ ስታወርዱ፣ «ወንድሜ ግባና ዝፈንልን» ብላችሁ ለሠርግ ስትጠሩት አስቡት። ወንጂ ላይ ሸንኮራ የሚቆርጠው በቆረጠው ልክ ይከፈለኝ ይላል፤ ትክክል ነው እንላለን። ቃል የሚቆርጠውም ላቡን ነው ያፈሰሰው።

ሀገራችን ትከበር ካልን የሚሠሩባትን እናክብር። ደቦ ከሆነ ሁላችንም እንውጣ፣ ሥራ ከሆነ እንክፈል።